አገልጋይና ተገልጋይ፦ ድር ከኮልቾ ሲታይ

ኮልቾ ከኦሞ ወንዝ በላይ ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠች የካራዎች መንደር ናት። ከሥሯ ወንዙ ሰፊ ቅስት ሠርቶ ይታጠፋል። ካራዎች በቁጥር ከሀገራችን ትንንሽ ሕዝቦች መካከል ናቸው፤ ቋንቋቸውም የሐመርኛ የቅርብ ዘመድ ነው። ኢንተርኔት ላይ ግን ትንሽ አይደሉም። ስማቸውን የፈለገ ሰው በነጭ አፈር ያጌጡ ፊቶችና ደረቶች ስክሪኑን ሞልተው ይመጡለታል። ቱሪስቱ ከጂንካ ወይም ከቱርሚ በአቧራማው መንገድ ይደርሳል፣ ለፎቶ ይከፍላል፣ ያነሳል፣ ይሄዳል። ፎቶውም ካራዎች አይተውት የማያውቁት ሰርቨር ላይ ይቀመጣል።

እንግዲህ ይህ ፎቶ ስልካችሁ ላይ ሲከፈት ሥራውን የሠራው ማን ነው? ሰርቨሩ ወይስ ስልኩ? ጥያቄው ተራ ይመስላል፤ የድር ፕሮግራሚንግ ታሪክ ግን ከሞላ ጎደል የዚህ ጥያቄ ታሪክ ነው። ሥራው የት ይሠራ? መዝገቡ ማን ዘንድ ይቀመጥ? መስመሩ ሲቋረጥ ባዶ እጁን የሚቀረው ማነው? ኮዲንግ የሚማር ወጣት “ፍሮንት ኤንድ ልማር ወይስ ባክ ኤንድ?” ብሎ ሲጠይቅ፣ ሳያውቀው እዚህ የቆየ ክርክር ውስጥ እየገባ ነው።

ማኅተሙ ውስጥ ነው

አማርኛ ለዚህ ነገር ጥሩ ቃላት አለው። ሰርቨር አገልጋይ ነው፤ ክላይንት ደግሞ ተገልጋይ። ሁለቱም ከአንድ ግሥ የወጡ ናቸው፤ አንዱ ያለሌላው ትርጉም የለውም።

የቀበሌ ጽሕፈት ቤትን አስቡት። መታወቂያ ልታወጡ ሄዳችሁ። በር ላይ የቆመው ሰው “ጉርድ ፎቶ ይዘሃል? ፎርሙን ሞልተሻል?” ብሎ ያያል። ካልያዛችሁ እዚያው ይመልሳችኋል፤ ተሰልፋችሁ ሁለት ሰዓት ከቆማችሁ በኋላ “ነገ ተመለሱ” ከመባል አዳናችሁ ማለት ነው። ክላይንት ሳይድ ኮድ እንዲህ ነው። ከሰርቨር ተልኮ መጥቶ እናንተ ስልክ ላይ፣ ብራውዘራችሁ ውስጥ ይሮጣል። ቅርብ ስለሆነ ፈጣን ነው። የስልክ ቁጥር አንድ አሃዝ ሲጎድልበት ወዲያው በቀይ የሚያስጠነቅቃችሁ እሱ ነው።

መዝገቡና ማኅተሙ ግን በር ላይ አይቀመጡም። ውስጥ ናቸው። በረኛው “ሁሉም ተሟልቷል” ቢልም፣ ውስጥ ያለው ሠራተኛ ራሱ ሳያይ አይመታም፤ ምክንያቱም በረኛውን ማለፍ የሚችል ሰው ሞልቷል። ሰርቨር ሳይድ ኮድም እንደዚሁ ነው። እዚያው ሰርቨሩ ላይ ይሮጣል፣ መዝገቡን ይከፍታል፣ ይወስናል፤ ለእናንተ የሚደርሳችሁ ውጤቱ ብቻ ነው። ብራውዘር ውስጥ ያለን ኮድ ማንም ተጠቃሚ ከፍቶ ሊያነበው፣ ሊቀይረው፣ ጨርሶ ሊያልፈውም ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው የሙያው ሕግ፦ በር ላይ ያለው ምርመራ ለተገልጋዩ ምቾት ነው፤ ውስጥ ያለው ምርመራ ለመዝገቡ ደኅንነት ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ አንዱ ሌላውን አይተካም።

ሲጀመር ሁለቱም አንድ ቤት ነበሩ

ቲም በርነርስ ሊ የድርን ሐሳብ ጽፎ ለአለቆቹ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1989፣ ስዊዘርላንድ ባለው ሰርን የተባለ የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ውስጥ ነው። በ1990 መጨረሻ ላይ የመጀመሪያው ሰርቨርና የመጀመሪያው ብራውዘር ተሠሩ። የሚገርመው ግን ሁለቱም የሠሩት አንድ ኮምፒውተር ላይ መሆኑ ነው፤ ጠያቂውም መላሹም ያው ማሽን። ማሽኑ ላይ “ይህ ሰርቨር ነው፣ አታጥፉት” የሚል ማስጠንቀቂያ በቀይ ቀለም ተጽፎ ተለጥፎበት ነበር። አንድ ሰው መብራት አጠፋለሁ ብሎ ቁልፉን ቢነካ፣ በዓለም ላይ የነበረው ድር ሁሉ ይጠፋ ነበር ማለት ነው።

ሌላም የተረሳ ነገር አለ። ያ የመጀመሪያ ብራውዘር ማንበቢያ ብቻ አልነበረም፤ መጻፊያም ነበር። ገጽ የከፈተ ሰው እዚያው ገጽ መሥራት ይችል ነበር። በኋላ ዓለምን ያዳረሱት ብራውዘሮች መጻፊያውን ትተው ማንበቢያውን ብቻ ይዘው ወጡ። ከዚያ ወዲህ አብዛኛው ሰው ድርን የሚያውቀው በተመልካችነት ነው። ኮልቾ ደግሞ ከተመልካችነትም በታች ነው የገባችው፤ የምትታይ ሆና።

የመጀመሪያዎቹ ገጾች የተጻፉ ወረቀቶች ነበሩ። ሰርቨሩ ፋይሉን አንስቶ ይሰጣል፣ በቃ። እ.ኤ.አ. በ1993 ሲጂአይ የሚባለው ስልት ሲመጣ ግን ሰርቨሩ ፋይል ከማቀበል አልፎ ፕሮግራም አስነስቶ መልሱን እዚያው ማዘጋጀት ቻለ። ፎርም ሞልቶ መላክ፣ ፈልጎ ማግኘት፣ በስም መግባት የሚባሉት ነገሮች በዚህ በር ገቡ።

1995 ደግሞ የመንትዮች ዓመት ነው። በግንቦት ወር ኔትስኬፕ ኩባንያ ውስጥ ብሬንዳን አይክ በ10 ቀን ውስጥ የጃቫስክሪፕትን የመጀመሪያ ቅጂ ሠራ፤ ብራውዘሩ ራሱ እንዲያስብ። በሰኔ ወር ደግሞ ራስመስ ሌርዶርፍ የራሱን የሥራ ልምድ ገጽ ስንት ሰው እንዳየው ለማወቅ ብሎ የጀመራቸውን መሣሪያዎች ፒኤችፒ ብሎ ለሕዝብ ለቀቀ፤ ሰርቨሩ በቀላሉ እንዲያስብ። ዛሬም ብዙ ጀማሪ የሚማራቸው ሁለት ቋንቋዎች፣ አንዱ ለተገልጋይ ወገን፣ ሌላው ለአገልጋይ ወገን፣ በአንድ ወር ልዩነት ተወለዱ።

ፊደላችን የት ይሠራ?

ኢንተርኔት በኢትዮጵያ ለሕዝብ አገልግሎት መስጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው፤ ያኔ በስልክ መስመር፣ እየጮኸ የሚገናኝ ዳያል አፕ። በዚያን ጊዜ አማርኛን ድር ላይ ማንበብ ራሱን የቻለ ፈተና ነበር። እያንዳንዱ የፊደል ሶፍትዌር የየራሱ አቀማመጥ ነበረው፤ በአንዱ “ሀ” የሆነው ቁጥር በሌላው ሌላ ነገር ነው። ጽሑፉን የላከው ሰው የተጠቀመበት ፎንት አንባቢው ኮምፒውተር ላይ ከሌለ፣ የሚታየው የላቲን ፊደልና የምልክት ትርምስ ነው። ስለዚህ ድረ ገጾች “መጀመሪያ ይህን ፎንት አውርዱ” ይሉ ነበር። ሸክሙ በሙሉ በተገልጋዩ ላይ ወደቀ። ሌሎች ጽሑፉን ፎቶ አድርገው ለጠፉት፤ ይነበባል፣ ግን ለማውረድ ይከብዳል፣ ተፈልጎ አይገኝም፣ ተቀድቶ አይወሰድም።

ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ በዚህ ዘመን ነው ሴራ የሚባለውን፣ ግዕዝን በላቲን ፊደላት የመወከያ ሥርዓት ያዘጋጁት። ዳንኤል ከዚህ ተነስቶ ላይቭግዕዝ የተባለ ሶፍትዌር ሠራ። ሐሳቡ ቀላልና ብልህ ነበር፦ ጽሑፉ ሰርቨሩ ላይ በአንድ ወጥ መልክ ይቀመጥ፤ አንባቢው “እኔ ያለኝ ፎንት ይህ ነው” ይበል፤ ሰርቨሩ በዚያ ፎንት ለውጦ ይስጠው። ሸክሙ ከተገልጋዩ ወደ አገልጋዩ ተዛወረ። በእኛ ፊደል ጉዳይ ላይ የተሠራ፣ እውነተኛ የሰርቨር ሳይድ ፕሮግራሚንግ ነበር፤ የዛሬው ጀማሪ ፕሮግራመር ሳይወለድ።

ከዚያ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999 ዩኒኮድ 3.0 ወጣ፤ በውስጡ 345 የግዕዝ ቁምፊዎች የየራሳቸውን ቋሚ ቁጥር አገኙ። በዚህ ሥራ እንደ ፍሥሐ አጥላው ያሉ፣ ቀደም ብለው የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌር የሠሩ ኢትዮጵያውያን እጅ አለበት። “ሀ” ከአሁን በኋላ በየትኛውም ማሽን “ሀ” ሆነ። ስልኮችና ኮምፒውተሮች የግዕዝ ፎንት ይዘው መምጣት ሲጀምሩ፣ ሥራው ተመልሶ ወደ ተገልጋዩ ወገን ሄደ። በዚህኛው ዙር ግን ሸክም አልሆነም፤ ከፋብሪካ ተዘጋጅቶ መጣ።

ታሪኩ በአማርኛ አላበቃም። በ2005 ለመኤንኛና ለብሊን፣ በ2010 ደግሞ ለጋሞ፣ ጎፋ፣ ዳውሮ፣ ባስኬቶና ጉሙዝ የሚያስፈልጉ ተጨማሪ ቁምፊዎች ዩኒኮድ ውስጥ ገቡ። መኤኖችና ባስኬቶዎች የደቡብ ኦሞ ጎረቤቶች ናቸው። እነዚያ ቁምፊዎች ራሳቸው አልመጡም፤ ሰው ተቀምጦ፣ ማስረጃ ሰብስቦ፣ ሐሳብ ጽፎ፣ ተከራክሮ ነው ያስገባቸው። ድር ላይ ቦታ የሚገኘው በዚህ መንገድ ነው።

ፕላዝማና ወንዝ

በ1997 ዓ.ም. ገደማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ክፍል ውስጥ የፕላዝማ ቴሌቪዥን መጣ። ትምህርቱ በሳተላይት ከማዕከል ይለቀቃል፤ አዲስ አበባም ጂንካም ያለ ተማሪ በአንድ ሰዓት አንድ መምህር ያያል። ጥሩ ጎን ነበረው። ግን እጅ አውጥቶ “አልገባኝም፣ ይድገሙልኝ” ማለት አይቻልም። መብራት ከሄደ ትምህርቱ ያልፋል፤ ተመልሶ አይመጣም። ሁሉም ነገር ላይ ወስኖ ታች ያለውን ተቀባይ ብቻ የሚያደርግ ሥርዓት ምን እንደሚመስል ያ ትውልድ በደንብ ያውቀዋል።

ካራዎችም በሌላ መንገድ ያውቁታል። ማሽላቸውን የሚዘሩት ኦሞ ሞልቶ ሲመለስ በሚተወው እርጥብ ደለል ላይ ነበር። 1,870 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጊቤ 3 ግድብ እ.ኤ.አ. በ2015 ውኃ መያዝ ጀመረ፣ በ2016 መጨረሻ ተመረቀ፤ ዓመታዊው ሙላትም ቀረ። መቼ ምን ያህል ውኃ ይለቀቅ የሚለው ጥያቄ ከወንዙ ዳር ወደ ላይ፣ ወደ ግድቡ ተዛወረ። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ይህን ቢያስብበት አይጎዳም። ውሳኔን ወደ ላይ ስታዛውር ጉልበት ታገኛለህ፤ ታች ያለው ሰው ግን በአንተ መልቀቅ ላይ ጥገኛ ይሆናል።

ድርም በዚህ መካከል ሲወዛወዝ ነው የኖረው። እ.ኤ.አ. በ2004 ጂሜይል ሲመጣ፣ በ2005 ደግሞ “ኤጃክስ” የሚለው ስም ሲወጣ፣ ገጹ ሙሉ በሙሉ ሳይታደስ ብራውዘሩ ከጀርባ ሰርቨሩን ጠይቆ የጎደለውን ብቻ መሙላት የተለመደ ሆነ። በ2009 ሪያን ዳል ኖድ የተባለውን ሲያወጣ፣ የብራውዘሩ ቋንቋ ጃቫስክሪፕት ሰርቨሩም ላይ በሰፊው ይሠራበት ጀመር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ገንቢዎች ሥራውን በሙሉ ወደ ስልኩ ገፉት። ውድ ስልክና ጥሩ መስመር ላለው ሰው ይህ ምቾት ነው። አሮጌ ስልክ ይዞ በሜጋባይት ለሚገዛ ሰው ግን አንድ አንቀጽ ለማንበብ የሚወርደው ኮድ ከአንቀጹ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። “ሰላም” የሚለው ቃል በዩቲኤፍ-8 የሚፈጀው 9 ባይት ብቻ ነው፤ አንድ ፊደል 3 ባይት። ገጹን የሚያከብደው እንግዲህ አማርኛው አይደለም፤ አብሮት የሚጫነው ነው።

ኔትወርክ በሌለበት

ለኮልቾ ዓይነት ቦታ የሚስማማው መልስ የመጣው ከሁለቱ ወገን በአንዱ ሳይሆን ከስምምነታቸው ነው። ስልኩ ለብቻው መሥራት ይችል፤ የሠራውን ይያዝ፤ መስመር ሲገኝ ለሰርቨሩ ያስረክብ። ብራውዘሮች ውስጥ ሰርቪስ ወርከር የሚባለው ነገር የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ መስመር ሲጠፋም ገጹ እንዲከፈት ያደርጋል።

በሀገራችን ለዚህ ሁለት ትልልቅ ምሳሌዎች አሉ። አንደኛው የጤና ኤክስቴንሽን ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው ፕሮግራም በየቀበሌው ሠራተኞች አሰማራ፤ ቤት ለቤት እየዞሩ የእናቶችን ክትትልና የሕፃናትን ክትባት በወረቀት ይመዘግባሉ። ኤሌክትሮኒክ የማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓት የሚባለው ይህን ወረቀት ወደ ታብሌት ቀየረው። ታብሌቱ ኔትወርክ በሌለበት ይመዘግባል፣ ይይዛል፣ በኋላ ያስተላልፋል። ኔትወርክ ካልኖረ አልመዘግብም የሚል ሶፍትዌር ቢሆን ኖሮ፣ ከሁሉ በላይ ክትትል የሚያስፈልጋት እናት ነበረች ከመዝገቡ የምትቀረው።

ሁለተኛው ፋይዳ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የቆመው ዲጂታል መታወቂያ የተሠራው ሞሲፕ በተባለ፣ ህንድ ባንጋሎር ውስጥ በተወለደ ክፍት ሶፍትዌር ላይ ነው። የመመዝገቢያው ማሽን የጣት አሻራውን፣ የዓይን ምስሉንና ፎቶውን መስመር በሌለበትም ይቀበላል፤ ቆልፎ ያስቀምጣል፤ መስመር ሲያገኝ ይልካል። እስከዚህ ያለው የተገልጋይ ወገን ሥራ ነው። ግን “ይህ ሰው ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ ተመዝግቧል ወይ?” የሚለውን ያ ማሽን ሊመልስ አይችልም፤ የሚያውቀው ራሱ የመዘገባቸውን ብቻ ነው። ከሁሉም ጋር ማነጻጸር የሚችለው ማዕከላዊው ሰርቨር ነው። አንዱ ወገን ብቻውን ለምን እንደማይበቃ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም።

ፎርሙ የሚጠይቀው

ስህተት ሲሠራ ደግሞ ብዙ ጊዜ በጥቂት መስመር ኮድ ውስጥ ነው። ብራውዘር ይዞት የሚመጣው የቀን መምረጫ የሚያውቀው የፈረንጅ አቆጣጠርን ብቻ ነው። ጳጉሜን 3 የተወለደ ልጅ አባት እዚያ ላይ ምን ይጫን? መፍትሔው አለ፤ ጃቫስክሪፕት ራሱ ቀንን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ማሳየት ይችላል። ጥሩው አሠራር ሰርቨሩ ላይ ቀኑን በአንድ ወጥ አቆጣጠር ማስቀመጥ፣ ስክሪኑ ላይ ግን ሰው በለመደው ማሳየት ነው። የላይቭግዕዝ ሐሳብ እኮ ነው ተመልሶ የመጣው፦ ውስጡ አንድ፣ ፊቱ እንደ ሰውዬው።

ሰውዬው የተወለደበትን ቀን ጨርሶ ባያውቅስ? ወረቀት ላይ ባልተጻፈ ልደት ያደጉ ብዙ ኢትዮጵያውያን አሉ። ፎርሙ ላይ ያ ሳጥን “የግድ ይሞላ” ከተባለ፣ መዝጋቢው መስከረም 1 ወይም ጥር 1 ይልለታል። ሶፍትዌሩ ውሸት አስገድዶ ጻፈ ማለት ነው። “ዕድሜ በግምት” የሚል ሌላ ሳጥን መጨመር ቀላል ነው። “የአባት ስም” እና “የአያት ስም” በሚለው ፋንታ “የቤተሰብ ስም” ብሎ መጠየቅም ያው ነው። እነዚህን የሚያውቅ ፕሮግራመር የግድ ጎበዝ መሆን የለበትም፤ ከእነዚያ ሰዎች ጋር የኖረ ከሆነ ይበቃዋል።

ለዚህ ነው ማን ይማር የሚለው ጥያቄ ቀላል ያልሆነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም በነጻ የፕሮግራሚንግ፣ የዳታ ሳይንስና የአንድሮይድ ኮርሶችን በኢንተርኔት ይሰጣል። ጂንካም ዛሬ የራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት። ግን ኮርስ በኢንተርኔት ከተሰጠ፣ ኢንተርኔት የሌለው ወጣት ተመልሶ የፕላዝማ ተማሪ ይሆናል፤ ሲመጣለት የሚያይ፣ ሲቋረጥ የሚያልፈው።

ከዚህ መውጫው እ.ኤ.አ. በ1990 በሰርን የተደረገው ነው። ሰርቨርና ብራውዘር አንድ ኮምፒውተር ላይ መሥራት ይችላሉ። ዛሬም የትኛውም ላፕቶፕ ለራሱ ሰርቨር መሆን ይችላል፤ አድራሻው 127.0.0.1 ነው፣ ፕሮግራመሮች “ሎካልሆስት” ይሉታል። ለዚህ ኔትወርክ አያስፈልግም፣ ካርድ መሙላት የለም። አስፈላጊዎቹ ሶፍትዌሮችና መማሪያዎች አንድ ጊዜ ከጂንካ በፍላሽ ከተገለበጡ በኋላ፣ መንደር ውስጥ ተቀምጦ ገጽ መሥራት፣ ፎርም መቀበል፣ መዝገብ መክፈት፣ ሁለቱንም ወገን መማር ይቻላል።

የምትጀምሩ ከሆነ ቅደም ተከተሉ ታሪኩ ራሱ ነው። መጀመሪያ በኤችቲኤምኤል ወረቀቱን ጻፉ። ቀጥላችሁ ሰርቨር አስነሱና ፎርም ተቀበሉ፤ ፒኤችፒ፣ ፓይተን ወይም ኖድ፣ የቀረባችሁን። ከዚያ በጃቫስክሪፕት በሩ ላይ በረኛ አቁሙ። መጨረሻ ላይ ዋይፋዩን አጥፉና ምን እንደቀረ እዩ። የቀረው ነገር ኮልቾ ላለ ሰው የሚደርሰው ነው። እሱን ካወቃችሁ በኋላ ከፎቶ አንሺዎቹ በፊት ካራዎቹ ራሳቸው የሚሞሉት፣ ስማቸውን እነሱ እንደሚጠሩት የሚቀበል መዝገብ መሥራት የአንድ ክረምት ሥራ ነው።